የስድብ ሊቅ፦ አማኑላህ ኻንና የላሆር መድረክ

የላሆሩ ኮሜዲያን አማኑላህ ኻን እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2020 በ70 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የፓኪስታን መንግሥት ለኪነ ጥበብ ሰዎች ከሚሰጣቸው ትልልቅ ሽልማቶች አንዱን ሸልሞታል። በሞቱ ዕለት ፖለቲከኛውም፣ ተዋናዩም፣ ዜና አንባቢውም ሐዘኑን ገለጸ። አስከሬኑ ግን ማረፊያ አጣ። ሊቀበርበት የታሰበው የመኖሪያ መንደር አስተዳደር በእኛ መቃብር ስፍራ አይቀበርም አለ፤ በጊዜው እንደተዘገበው ምክንያቱ ሟቹ «ሚራሲ» ነው የሚል ነበር። ነገሩ የተፈታው የፑንጃብ ክፍለ ሀገር የማስታወቂያ ሚኒስትር ጣልቃ ከገባ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ አንድ አሳፋሪ አጋጣሚ አንብቦ አልፎታል። ለእኔ ግን ስለ አማኑላህ ጥበብ ከተጻፉት የሐዘን መግለጫዎች ሁሉ ይልቅ ይህ ዜና ብዙ ይናገራል። መቃብር የከለከሉት ሰዎች አማኑላህ ምን እንደነበር በትክክል ዐውቀው ነበር፤ የተሳሳቱት በፍርዳቸው ነው። አድናቂዎቹ ደግሞ ፍርዳቸው ትክክል ሆኖ፣ ሰውየው ምን እንደነበር ሳቱ። «ከሚራሲነት ከፍ ያለ አርቲስት» እያሉ ሲያወድሱት የመቃብሩን ፍርድ ሳያውቁት ደገሙት። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ አማኑላህ ትልቅ የሆነው ከሚራሲነት ስለወጣ አይደለም፣ ሚራሲነትን እስከ ጥግ ስለወሰደው ነው።

ቃሉን እንመልከተው። «ሚራሲ» የተገኘው «ሚራስ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ ከእኛው «ወረሰ»፣ «ውርስ» እና «ርስት» ጋር አንድ ሥር አለው። ሚራሲ ማለት እንግዲህ ወራሽ ማለት ነው። የሚወርሰው ግን መሬት አይደለም፤ የሌላ ሰው የዘር ሐረግ ነው። በፑንጃብ ገጠር ባለመሬቱ ቤተሰብ የራሱ ሚራሲ ነበረው። ሚራሲው የጌታውን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ስም በቃሉ ይቆጥራል፣ በሠርግ ይዘፍናል፣ በበዓል ያመሰግናል። በሠርግ ላይ የሚሰጠው ገንዘብ «ቬል» ይባላል፤ ተቀባዩ የሰጪውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራለታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው በመንደሩ መሰላል መጨረሻ እርከን ላይ ያለ ነው። ነገሩ የሚያስቀውም የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው፤ የትልቁ ቤት ክብር የሚቀመጠው በትንሹ ሰው አፍ ውስጥ ነው። የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው ሐረጉ የተቆረጠበትን፣ የተቀጠለበትንና የተሰረቀበትንም ቦታ ያውቃል። ስለዚህ ሚራሲው ሲሳደብ ይታለፋል። የመሳደብ ፈቃዱ የዝቅተኛነቱ ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን የሚያነብ የአማርኛ ተናጋሪ አዝማሪን አለማሰብ አይችልም። አዝማሪ የሚለው ቃል ከ«ዘመረ» የወጣ ነው፤ ከመዝሙርና ከዝማሬ ጋር አንድ ቤት ነው የተወለደው። አንዱ ቤተ መቅደስ ቀረ፣ ሌላው ጠጅ ቤት ሄዶ ስድብ ሆነ። አዝማሪ በሌለበት ሠርግ ማዘጋጀት የማይፈልገው ሰው ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ሲጠየቅ ምን ይል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አዝማሪውም ሰጪውን ያሞግሳል፣ ንፉጉን በግጥም ይወጋል፣ ገንዘብ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍለት ይቀበላል፤ ማታ ሲያስቀን የነበረውን ሰው ቀን መንገድ ላይ ስናገኘው በሙያው ስም ለመጥራት ግን እናፍራለን። የአማኑላህ ቤተሰብ በትውልድ ከየት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በሁለቱም አገር ሥራው ራሱ እንደ ዘር ይቆጠራል፤ የነካው ሰው ይለብሰዋል።

የፑንጃብ ቀልድ ሌላው ወላጅ «ብሃንድ» የሚባለው የሠርግና የግብዣ ተጫዋች ነው። ብሃንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚመጡት። አንዱ ቁም ነገረኛ መስሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ሞኝ መስሎ ይመልሳል። ጠያቂው በእጁ «ቻሞታ» የሚባል የታጠፈ ቆዳ ይይዛል፤ ሞኙ የማይረባ መልስ ሲመልስ በቆዳው ጧ ያደርገዋል። ድምፁ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ እንደ ከበሮ የሳቁን ሰዓት ይመታል። ልብ በሉ፤ ዱላው ያለው በብልሁ እጅ ነው፣ ሳቁ ያለው ግን በተመቺው አፍ ነው። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የሚመታው ነው። እኛ ዘንድ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ አብረው ሲጫወቱ ያየ ሰው የጥንድ ቀልድን ስሌት ያውቀዋል፤ የብሃንዱ ስሌት ቆዳ ተጨምሮበት ነው።

የብሃንዱና የሚራሲው መሣሪያ «ጁገት» ይባላል። ጁገት ተረት አይደለም፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ቀልድም አይደለም። ፊት ለፊት የቆመን ሰው በአንዲት ምስል መምታት ነው። ምሳሌው የእኔ ነው፦ ረጅም ቀጭን ሰው ነጭ ለብሶ ወደ መድረክ ሲገባ «ድንኳኑን ወስደውበት ምሰሶው ብቻውን ቀረ» ይለዋል። ረጅሙ ሰው ዝም ካለ አለቀለት። «ድንኳኑማ ያንተን ሆድ ሊሸፍን ሄዶ ነው» ካለ ጨዋታው ቀጠለ። ደንቡ ግልጽ ነው። የተሰደበ ሰው መቆጣት አይፈቀድለትም፤ ያለው አንድ መንገድ የተወረወረበትን ምስል አንሥቶ፣ አጣሞ፣ መልሶ መወርወር ነው። የሚደነቀው ክፋቱ አይደለም፣ ፍጥነቱና የምስሉ ትክክለኛነት ነው።

ስለ ጁገት ያጫወትኳቸው የአገሬ ልጆች «ቅኔ ነዋ!» ይሉኛል። አይደለም። ቅኔ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ይደብቃል፤ ሰሙ ለሁሉም፣ ወርቁ ለሚያውቅ ነው። ንጉሥን ለመንካት የሚመቸውም ስለሚደብቅ ነው፤ የተጠረጠረ ባለቅኔ ሰሙን ይዞ ይምላል። ጁገት ምንም አይደብቅም። ሁለት ራቅ ራቅ ያሉ ነገሮችን፣ ሰውየውንና ምሰሶውን፣ በአደባባይ አጋጭቶ ብልጭታውን ያሳያል። ከባለቅኔው ይልቅ ከጠጅ ቤቱ አዝማሪ ጋር ነው የሚዛመደው፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ሲወረውርለት ከመቅጽበት መመለስ ያለበት፣ አሁን ከገባው ሰው ጫማና ከራት ጓደኛው ግጥም መሥራት ያለበት አዝማሪ። መከላከያውም ድብቅነት አይደለም፤ የተናጋሪው ዝቅተኛነት ነው። ሚራሲ ተናገረ ብሎ ማን ይቆጣል?

ይህ የሠርግ ቤት ጥበብ ትኬት የሚሸጥበት መድረክ ላይ እንዴት ወጣ? ከዚያ በፊት ቤቱ ፊልም ነበር። በላሆር ስቱዲዮዎች በሚሠሩት የፑንጃቢ ፊልሞች ውስጥ እንደ ሙናዋር ዘሪፍና ራንጊላ ያሉ ኮሜዲያን ከዋናው ተዋናይ እኩል ሕዝብ ይጠሩ ነበር። ዘሪፍ በ1976 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተ። በ1979 «መውላ ጀት» የተባለው ፊልም ከወጣ በኋላ ደግሞ የፑንጃቢ ፊልም ወደ ቂም በቀልና ወደ ረጅም እጀታ መጥረቢያ አዘነበለ። ጊዜውም የጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ወታደራዊ አገዛዝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ በጥብቅ ይጠበቃል፣ ጨዋታ ያማረው ሕዝብ ግን ቤቱ አልቀረም። በ1980ዎቹ የላሆር ሕዝብ ወደ አልሐምራ የኪነ ጥበብ ማዕከል ጎረፈ። አልሐምራ ናይር አሊ ዳዳ የተባለው አርክቴክት የነደፈው ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃ ነው፤ በ1998 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ለጨዋ ቲያትር የተሠራ ቤት ነበር። ፑንጃቢ የሚናገር፣ ሌሊት የሚጀምር፣ ጽሑፉ ሰበብ ብቻ የሆነ ቀልድ ገባበትና ሞላው።

ጽሑፉ ሰበብ ብቻ ነው ስል አላጋነንኩም። ቅንብሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ባለጌታ፣ ሊዳር የተዘጋጀ ልጅ፣ በር ላይ እየመጣ የሚገባ ሰው። ሰው በገባ ቁጥር ጁገት ይዘንብበታል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም የሕግ ታሪክ አለ። በፑንጃብ ቲያትር የሚቆጣጠሩት ባለሥልጣናት እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የሚጠቅሱት እንግሊዞች በ1876 ያወጡትን የመድረክ ትርኢት ሕግ ነው። ተውኔት ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ቀርቦ መታየት አለበት። ግን በጽሑፉ ላይ ያልነበረን ነገር እንዴት አድርገው ይሰርዙታል? ሳንሱሩ ወረቀቱን ያጸድቃል፣ ተዋናዩ ወረቀቱን ረስቶ ይጫወታል። በዚህ መንገድ የሠርግ ቤቱ ልማድ የቅኝ ገዢውን ሕግ ለዓመታት አታለለው። መንግሥት የመለሰው በእገዳና ቲያትር ቤት በማሸግ ነው።

አማኑላህ የዚህ ትውልድ ዋና ነው። ለ860 ቀናት በየምሽቱ መድረክ ላይ በመውጣት ክብረ ወሰን ይዟል እየተባለ ይነገርለታል። ቁጥሩ ለእኔ ከክብሩ ይልቅ ስለ ሥራው ዓይነት ይነግረኛል፤ እንደ ቀን ሠራተኛ ነው የሠራው። እኩዮቹ ባቡ ባራልና ማስታና ነበሩ፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ታመው በኤፕሪል 2011 በቀናት ልዩነት ሞቱ። ከእነሱ ጋር ሲተያይ አማኑላህ ዝግተኛ ነው። ሌሎቹ ጁገቱን እንደ ጥፊ ይሰጣሉ፤ እሱ ግን እንደ ትዝታ ይጀምረዋል። ፊቱ አይስቅም። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። አንድ የሚያውቀውን ሰው ሊያስተዋውቃችሁ ይመስላል፤ ሰውየው እንዴት እንደሚራመድ፣ ሠርግ ላይ ሳህኑን እንዴት እንደሚያነሣ፣ የማያውቀውን ዘፈን እንዴት አብሮ እንደሚዘፍን። ዘፋኞችን በመኮረጅ የታወቀ ነበር፤ የሚኮርጀውም ጉድለታቸውን ብቻ አልነበረም፣ ዜማውን በትክክል ይዘፍነዋል። ከዚያ ባልጠበቃችሁት ቦታ ምስሉ ይመጣል፤ ያ ስታውቁት የቆያችሁት ሰው በድንገት ዕቃ፣ እንስሳ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሆናል። ጁገትን ከስድብነት ወደ ገጸ ባሕርይ ሥዕል ያሳደገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሰዳቢው ሰው ስም ይቀርና አጠቃላይ የሆነ ሰው፣ የድኻ ሰፈር አጎት፣ ይቀራል።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ጭካኔውም መናገር አለብኝ፤ አድናቂዎቹ ዘለው ስለሚያልፉት። የላሆር መድረክ ጥቁር ቆዳን፣ ውፍረትን፣ አካል ጉዳትን፣ ሴት የሚመስል ወንድን ሳይታክት ይቀጠቅጣል። በመድረኩ ላይ ሴት የምትገባው ወይ ለመደነስ ወይ ለመሰደብ ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት ዳንሱ እያደገ ሄዶ ቀልዱን እስከ መዋጥ ደረሰ። አማኑላህ ከዚህ ንጹሕ አይደለም። ለራሱ መልክም አላዘነም፤ ጁገቱን ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ያዞር ነበር። ነገር ግን በራስ ላይ መቀለድ ሌላው ላይ ለመቀለድ ፈቃድ አይሆንም። «ባህሉ ነው» የሚለው መከላከያም አያጠግበኝም። የሚራሲው ስድብ ባለሥልጣኑን በወጋበት ጊዜ ያለው ክብር፣ መልስ መስጠት የማትችል ሴት ላይ ሲያርፍ አብሮት አይሄድም። የጁገት ሕግ ሁለቱም ወገን መመለስ መቻል ነው፤ መልስ የሌለበት ጁገት በራሱ በጁገት መለኪያ የወደቀ ነው። የአማኑላህ ደካማ ምሽቶች እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ከ2009 ጀምሮ በፓኪስታን የዜና ጣቢያዎች ላይ አንድ አዲስ ዓይነት ፕሮግራም ተስፋፋ፤ ወግ አጥባቂ የሚመስል አቅራቢ መሐል ይቀመጣል፣ የመድረክ ኮሜዲያን ዙሪያውን ይደረደራሉ፣ በሳምንቱ ፖለቲካ ላይ ይቀልዳሉ። መንገዱን የከፈተው «ሐስበ ሐል» ሲሆን ከመድረኩ የመጣው ሶሄይል አሕመድ «አዚዚ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ የአገር ሰው ሆነበት። አማኑላህ ደግሞ «ኸበርናክ» በተባለው ላይ «ሐኪም ሳሒብ» ሆኖ ገባ፤ ሐኪም እዚያ የባህል መድኃኒት ዐዋቂ ማለት ነው። ሕዝቡ ወደደው። ቲያትር ቤት ገብታ የማታውቅ እናት ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ አየችው። ሽልማቱም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ ግን እነዚያን ፕሮግራሞች ሳይ የሚታየኝ ቻሞታው ነው። የኸበርናክ አቅራቢ የነበረው አፍታብ ኢቅባል ጋዜጠኛ ነው፣ የታዋቂው ባለቅኔ የዘፈር ኢቅባል ልጅ። በፕሮግራሙ ውስጥ የኡርዱ ቃላትን ትክክለኛ አነጋገርና አመጣጥ የሚያስተምርበት ክፍል ነበረው። ፑንጃቢ በፓኪስታን ከማንኛውም ቋንቋ በላይ ብዙ ሰው በአፍ መፍቻነት የሚናገረው ቋንቋ ነው፤ የመማሪያና የመንግሥት ቋንቋ ግን ኡርዱና እንግሊዝኛ ናቸው። ፑንጃቢ የቀረለት ቤት፣ መንገድ፣ ዘፈንና ቀልድ ነው። እንግዲህ ሥዕሉን ተመልከቱት፤ የተማረው ሰው በኡርዱ ያርማል፣ የፑንጃቢ ሊቃውንቱ ይታረማሉ። የብሃንዱ ጨዋታ ይህ ራሱ ነው፣ ጠያቂና ተመቺ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በሠርጉ ቤት የመጨረሻው ቃል የተመቺው ነበር፣ በስቱዲዮው ግን የመጨረሻው ቃል የአቅራቢው ነው። ሳቁ ካለቀ በኋላ ወደ ካሜራው ዞሮ ትምህርቱን የሚናገረው እሱ ነው። አማኑላህ ወንበር አገኘ፤ ወንበሩ ግን ከጠረጴዛው ወዲህ ነበር። አንዳንዴ፣ በተለይ አቅራቢው አንድ ቃል አርሞት ሲጨርስ፣ አማኑላህ ትንሽ ዝም ይልና የታረመውን ቃል ለሌላ አስቂኝ ነገር ይጠቀምበታል። በእነዚያ ሴኮንዶች ሠርግ ቤቱ ይመለሳል።

ለጥናት ስነሣ የገጠመኝ ችግርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የዋሪስ ሻህ «ሂር» በ1766 የተደረሰ ነው፤ ዛሬ በየዓይነቱ ታትሞ ይገኛል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል። የአማኑላህ ሥራ ጽሑፍ የለውም። ያለው ቅጂ ነው፤ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎ በዲስክ፣ አሁን በስልክ። ቅጂው ድንበር አያውቅም። ሁለቱን ፑንጃቦች የሚለየውን ወሰን ሰው በቪዛ እንኳ በቀላሉ የማያልፈው ሲሆን፣ የላሆር ቀልድ ግን በሕንዱ ፑንጃብ ቤት ለቤት ታይቷል፤ በብሪታንያና በካናዳም እንዲሁ። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትኖሩ አንባቢዎች የፓኪስታን ታክሲ ነጂ መብራት ይዞት ሳለ ስልኩን ዘንበል አድርጎ ለብቻው ሲስቅ አይታችሁ ከሆነ ከዚህ ጥበብ ብዙም አልራቃችሁም።

ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ምን ሊያገኝ ይችላል? ከጠበቅሁት በላይ። ምስሎቹ አያልፉም፣ እውነት ነው፤ ያየሁት የትርጉም ጽሑፍ ሁሉ ጁገትን ገድሎ ነው የሚያቀርበው። ጊዜ አጠባበቁ ግን ያልፋል። የድሮዎቹን የመድረክ ቅጂዎች ምረጡ እንጂ የቴሌቪዥኑን አይደለም፤ ድምፁ ቢንኮሻኮሽም፣ ሥዕሉ ቢደበዝዝም። መጀመሪያ አማኑላህን አትመልከቱ። አጠገቡ የቆሙትን ተዋንያን ተመልከቱ፤ እሱ ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ሲጀምር ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቁትም፣ በጽሑፉ ውስጥም የለም። አንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሌላው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መጋረጃው ያዞራል።